የኮምፒውተሩ እልፍኝ አስከልካይ፦ በሊኑክስ ላይ ብቅ ባይ ማሳወቂያዎችን እንደ ፍላጎት ማስተካከል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በምሠራባት አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የኮምፒውተሬ ስክሪን ወደ ደንበኛው ዞሮ ነው የሚቀመጠው። ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው ስሙ ከነአያቱ በትክክል መጻፉን በዓይኑ ካላየ አይረካም፤ እውነቱን ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው የመሬት ጉዳያቸውን እየነገሩኝ ስጽፍ፣ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ አንድ ሳጥን ብቅ አለና አንድ ወዳጄ «ያችን ብር መቼ ነው የምትመልሳት?» ሲል የላከልኝን መልእክት በደማቅ ፊደል ዘረጋው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና «ልጄ፣ ይኸንንም ማመልከቻው ላይ እንዳትጨምረው» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ ይኸ የእኔ ዕዳ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ብቅ ባይ ማሳወቂያ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚሠራውና እንዴት እንደሚገራ ማጥናት ጀመርኩ።

ብዙ ሰው የሚመስለው ቴሌግራምም ሆነ ብራውዘሩ እያንዳንዱ የራሱን ሳጥን ሠርቶ በስክሪኑ ላይ እንደሚለጥፍ ነው። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ ግን አሠራሩ በአብዛኛው ከዚህ የተለየ ነው። ቀድሞ መንቆረር ይባል በነበረው በዚህ ከተማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በነበሩበት ዘመን ባለጉዳይ ዘው ብሎ ወደ ንጉሥ አይገባም ነበር፤ እንደየትኛውም የመኳንንት ግቢ መጀመሪያ ጉዳዩን ለእልፍኝ አስከልካዩ ይነግራል፣ ማን አሁን ይግባ፣ ማን ደጅ ይጥና የሚለውን የሚለየውም እርሱ ነው። የሊኑክስ ዴስክቶፕም እንዲህ ያለ አንድ እልፍኝ አስከልካይ አለው፤ በሙያው ቋንቋ የማሳወቂያ ሰርቨር ወይም ዴመን ይባላል። ቴሌግራም መልእክት ሲደርሰው ሳጥን አይሠራም፤ ዲ-ባስ በሚባለውና ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መስመር አማካይነት «ይህን ለባለቤቱ አድርስልኝ» ብሎ ለሰርቨሩ ያስረክባል። የሳጥኑን ቀለም፣ ስፋት፣ ቦታና ቆይታ የሚወስነው፣ ከነጭራሹም ይታይ አይታይ የሚለውን የሚፈርደው ሰርቨሩ ነው። ስለዚህ ማስተካከል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሳይሆን ወደዚህ አንድ በረኛ ነው።

ከዚህ ሥርዓት የሚያፈነግጡም አሉ። የቴሌግራም የዴስክቶፕ ፕሮግራም ራሱ ሲያሻው የራሱን ሳጥን መሣል ይችላል፤ በሴቲንጉ ውስጥ የሲስተሙን ማሳወቂያ የመጠቀም ምርጫ ስላለ፣ ያ ምርጫ ካልበራ ከዚህ በታች የምገልጸው ሁሉ በእርሱ ላይ አይሠራም። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ምሽት ሙሉ ደንብ ስጽፍ ቆይቻለሁ።

ፕሮግራሙ ለሰርቨሩ የሚያስረክበው ነገር ፍሪዴስክቶፕ በተባለው የጋራ መድረክ በወጣ ስምምነት የተወሰነ ሲሆን 8 ክፍሎች አሉት፤ የላኪው ፕሮግራም ስም፣ የሚተካው የቀድሞ ማሳወቂያ ቁጥር፣ ምስል፣ ርዕስ፣ አካል፣ በሳጥኑ ላይ የሚጫኑ ምርጫዎች፣ ተጨማሪ ምልክቶችና በመጨረሻም የሚቆይበት ጊዜ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ደንብ ሲወጣ የሚያዘው በእነዚህ ክፍሎች ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ የቴሌግራም ማሳወቂያ ርዕሱ የላኪው ሰው ስም፣ አካሉ ደግሞ የተጻፈው ቃል ነው። እንግዲህ አካሉን ብቻ የደበቀ ሰው የላኪውን ስም ሳይደብቅ ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህም አንዳንዴ ከጽሑፉ የባሰ ነገር ያወጣል።

ከተጨማሪዎቹ ምልክቶች ውስጥ ዋናው የአስቸኳይነት ደረጃ ነው። ደረጃዎቹ 3 ሲሆኑ ዝቅተኛው 0፣ መደበኛው 1፣ አስቸኳዩ 2 ተብሎ ይላካል፤ በስምምነቱ መሠረት አስቸኳይ የተባለ ማሳወቂያ ባለቤቱ ራሱ ካልዘጋው በስተቀር በጊዜ ብዛት መጥፋት የለበትም። የቆይታው ጊዜ የሚላከው በሚሊ ሰከንድ ሆኖ፣ -1 ከሆነ «እንደ ልማድህ አድርግ»፣ 0 ከሆነ «እስኪዘጋ ድረስ አታንሣው» ማለት ነው። ሆኖም ሰርቨሩ የላኪውን ፍላጎት የመፈጸም ግዴታ የለበትም፤ ከሊኑክስ የዴስክቶፕ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ግኖም ለምሳሌ ላኪው የጠየቀውን የቆይታ ጊዜ ከቁጥር አያስገባውም። የሚተካው ቁጥር ደግሞ ትንሽ መስሎ ትልቅ ነገር ነው፤ የድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ 10 ጊዜ የነካ ሰው 10 ሳጥን ተደርድሮ ከሚያይ አንዱ ሳጥን ቁጥሩን እየቀያየረ እንዲቆም የሚያደርገው እርሱ ነው።

እልፍኝ አስከልካዩ ማን እንደሆነ በየዴስክቶፑ ይለያያል። በግኖም ላይ ሰርቨሩ የዴስክቶፑ አካል ስለሆነ በሌላ አይተካም፤ ነገር ግን በሴቲንግ ውስጥ ማሳወቂያዎች በሚለው ክፍል ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው መዝጋት፣ ድምፁን ማጥፋት፣ እኔን ያስቸገረኝንም የመልእክቱን ይዘት በብቅ ባዩ ላይ አለማሳየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እትም ጀምሮም «አትረብሸኝ» የሚል ማብሪያ አለ። ኬዲኢ ፕላዝማ ከሁሉም የተሟላ ሴቲንግ ያለው ነው፤ አትረብሸኝ በተባለ ጊዜም ቢሆን አስቸኳዮቹ እንዲታዩ ወይም እንዳይታዩ መምረጥን ይጨምራል። የእነዚህ የሁለቱ ተጠቃሚ የሆነ አንባቢ ሴቲንጉን ከፍቶ 10 ደቂቃ ቢመለከት ይበቃዋል።

የእኔ ኮምፒውተር ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ ነው የምጠቀመው። የእርሱ ሰርቨር ኤክስኤፍሲኢ4-ኖቲፋይዲ ሲባል፣ ሳጥኑ በየትኛው ማዕዘን እንደሚወጣ፣ ምን ያህል ሰከንድ እንደሚቆይና ከኋላው ያለውን ምን ያህል አሳልፎ እንደሚያሳይ በመዳፊት ብቻ ያስተካክላል፤ አንድን ፕሮግራም ከነጭራሹ ዝም ማሰኘትም ይችላል። እኔ በተጠቀምኩበት ጊዜ ያላገኘሁበት ነገር መካከለኛውን መንገድ ነው። ቴሌግራም መልእክት እንደመጣ ይንገረኝ፣ ከማን እንደመጣና ምን እንደሚል ግን አይዘርግፍ የሚል ደንብ ማውጣት ፈለግሁ፤ ይህን ለማግኘት ደንስት ወደተባለው ሰርቨር ተሻገርኩ።

ሲሻገሩ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር የወንበር ነው። ዲ-ባስ ላይ የማሳወቂያ ተቀባይነት ስም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው አንድ ፕሮግራም ነው፤ ሁለት እልፍኝ አስከልካይ በአንድ በር አይቆምም። ደንስትን ጭኖ የቀድሞውን ሳያነሡ ማስጀመር «ስሙ በሌላ ተይዟል» የሚል ስሕተት ከነያዡ ስም ያስከትላል። ስለዚህ ወይ የቀድሞውን ማራገፍ፣ ወይ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዳይነሣ ማድረግ ያስፈልጋል። ደንስትን ግን ሁልጊዜ በእጅ ማስጀመር ግድ አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ማሳወቂያ ሲመጣ ዲ-ባስ ራሱ ይቀሰቅሰዋል።

ደንስት በመዳፊት የሚነካ ሴቲንግ የለውም፤ ሁሉም ነገር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይጻፋል። ፋይሉ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ፣ በነጥብ በሚጀምረው ኮንፊግ በሚባል ስውር ፎልደር ሥር፣ ደንስት በተባለ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ስሙም ደንስትአርሲ ነው። ስውር ፎልደሮች በፋይል ማሳያው ላይ ኮንትሮልና ኤች በአንድነት ሲጫኑ ይታያሉ። እዚህ የጠቀስኳቸው ስሞችና ትእዛዞች ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እኔ እንደሚነበቡ አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ።

ፋይሉ በቅንፍ ርዕስ በተሰጣቸው ክፍሎች የተከፈለ ነው። ግሎባል የሚለው ለሁሉም የሚሠራውን ይይዛል፤ የሳጥኑን ስፋት፣ የሚወጣበትን ማዕዘን፣ የፊደሉን ዓይነት፣ የጠርዙን ቀለም። ቀለም በጥቅስ ምልክት ውስጥ መግባት አለበት፤ የቀለም ቁጥር በመሰላል ምልክት (#) ስለሚጀምር፣ ያለ ጥቅስ ከተጻፈ ደንስት ማስታወሻ ነው ብሎ ሊዘለው ይችላል። ቀጥሎ ለ3ቱ የአስቸኳይነት ደረጃዎች ለእያንዳንዳቸው ክፍል አለ። እኔ ዝቅተኛውን በግራጫ 4 ሰከንድ፣ መደበኛውን በነጭ 8 ሰከንድ፣ አስቸኳዩን በቀይ እስክዘጋው ድረስ እንዲቆም አድርጌዋለሁ። ግሎባል ውስጥ የሥራ ፈት ጊዜን የሚመለከት አንድ መስመርም አለ፤ እርሱን 120 ብሎ የሞላ ሰው ለ2 ደቂቃ ቁልፍም መዳፊትም ካልነካ ማሳወቂያዎቹ ሳይጠፉ ይጠብቁታል። ቡና ለመጠጣት ወጣ ለሚል ሰው ከዚህ የሚሻል ነገር አላየሁም።

የደንስት ጉልበቱ ያለው ግን በደንቦቹ ነው። ተጠቃሚው በፋይሉ ግርጌ የፈለገውን ስም ሰጥቶ አዲስ ክፍል ይከፍታል፤ በክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ «የትኛውን?» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ምን ይደረግ?» የሚለውን ይጽፋል። የትኛውን ለሚለው የፕሮግራሙን ስም፣ ርዕሱን፣ አካሉን ወይም የመጣበትን የአስቸኳይነት ደረጃ መጥቀስ ይቻላል፤ የኮከብ ምልክትም (*) «የቀረው ማንኛውም ነገር ቢሆን» የሚለውን ይተካል። የእኔ የቴሌግራም ደንብ 3 መስመር ብቻ ነች። አንደኛዋ በቅንፍ የተጻፈ ርዕስ ነች፤ ሁለተኛዋ የፕሮግራሙ ስም በቴሌግራም የሚጀምር ከሆነ ትላለች፤ ሦስተኛዋ የአጻጻፉን ቅርጽ ትወስናለች። ቅርጹ የሚገለጸው በፐርሰንት ምልክትና በአንድ ፊደል ሲሆን፣ ኤ የፕሮግራሙን ስም፣ ኤስ ርዕሱን፣ ቢ አካሉን ይወክላሉ። እኔ «ኤ» የምትለዋን ብቻ ይዤ ሌሎቹን አጠፋሁ። አሁን መልእክት ሲመጣ ሳጥኑ «ቴሌግራም» ብሎ ዝም ይላል፤ ደንበኛው የሚያነበው የለም።

አንድ ፕሮግራም ራሱን በምን ስም እንደሚያስተዋውቅ በግምት መጻፍ አይገባም። አንዳንዱ በትልቅ ፊደል፣ አንዳንዱ በትንሽ፣ አንዳንዱ በሰረዝ ተያይዞ ይመጣልና በአንድ ፊደል ልዩነት ደንቡ ከንቱ ይሆናል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት (ቴርሚናል) ከፍቶ ደንስት-ሲቲኤል ሂስትሪ ብሎ ማዘዝ ያለፉትን ማሳወቂያዎች ከነክፍሎቻቸው ይዘረዝራል፤ ስሙን ከዚያ ቀድቶ መለጠፍ ነው። ፋይሉ ተስተካክሎ ከተቀመጠ በኋላም ደንስት ተዘግቶ እንደገና ካልተነሣ፣ ወይም በአዲሶቹ እትሞች ላይ ደንስት-ሲቲኤል ሪሎድ ተብሎ ካልታዘዘ፣ አዲሱን ደንብ አያየውም።

የአማርኛ ጉዳይ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ስለገባ ችግሩ ዛሬ የፊደሉ አለመኖር አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉን የሚሥል ፎንት ካልተጫነ ግን የአማርኛ መልእክት ሁሉ የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል አንዱ ተጭኖ ስሙና መጠኑ በደንስት ፋይል ውስጥ በፎንት መስመር ላይ ቢጻፍ ችግሩ ይወገዳል። ለላቲን ፊደል በ10 መጠን የሚበቃው ሳጥን ለአማርኛ ይጠባል። የ«ጭ»ንና የ«ጬ»ን ልዩነት በሩቁ ለማየት ቢያንስ 13 ያስፈልጋል፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ዓይን ፍርድ ነው።

የጊዜ መለኪያ ነገርም ሰው ያሳስታል። ከደንስት ሌላ ማኮ የሚባል፣ ዌይላንድ በተባለው አዲሱ የማሳያ ሥርዓት ላይ የሚሠራ ሰርቨር አለ። በሌላ ላፕቶፕ ላይ እርሱን ሞክሬ፣ በደንስት እንደለመድኩት የቆይታውን ጊዜ 10 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ማሳወቂያ አይታየኝም ነበር። ፎንቱን ጠረጠርኩ፣ ቀለሙን ጠረጠርኩ፣ ማኮን አራግፌ እንደገና ጫንኩ። ለካስ ደንስት ቁጥሩን በሰከንድ ሲቆጥር ማኮ በሚሊ ሰከንድ ነው የሚቆጥረው፤ ሳጥኑ በየጊዜው በትክክል እየወጣ፣ ዓይን ሳይጨፈን በመቶኛ ሰከንድ ይጠፋ ነበር። 10000 ስል ተስተካከለ።

ማሳወቂያ ከፕሮግራሞች ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ተጠቃሚው ራሱም ላኪ ሊሆን ይችላል። ኖቲፋይ-ሰንድ የተባለችው ትእዛዝ ርዕስና አካል በጥቅስ ውስጥ ተቀብላ ለሰርቨሩ ታደርሳለች፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሊብኖቲፋይ-ቢን በሚባለው ጥቅል ውስጥ ትገኛለች። ደንብ የጻፈ ሰው መልእክት እስኪመጣለት ከመጠበቅ በእርስዋ መፈተን ይችላል። እኔ ከሁሉ በላይ የምጠቀምባት ግን የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ፍላሽ ስቀዳ ነው፤ ከመቅጃው ትእዛዝ ኋላ ሁለት የ«እና» ምልክት (&&) አድርጌ ኖቲፋይ-ሰንድን አስከትላለሁ፣ ቅጂው ያለ ስሕተት ሲያልቅም «ፍላሹ አልቋል» ይለኛል። ትእዛዞችን በተወሰነላቸው ሰዓት በሚያስፈጽመው በክሮን አማካይነት በሰዓቱ እንዲላክ ያዘዘ ሰው ግን ምንም ላያይ ይችላል፤ ክሮን ከተጠቃሚው ዴስክቶፕ ውጭ ስለሚሠራ የዲ-ባሱን አድራሻ አያውቅምና አድራሻው በግልጽ ሊሰጠው ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ ማሳረፊያው ነው። ደንስት-ሲቲኤል ሴት-ፖዝድ ቶግል የሚለውን ትእዛዝ ከአንድ የኪቦርድ ቁልፍ ጋር አያይዤ፣ ደንበኛ ሲቀመጥ እየነካሁ ማሳወቂያን ሁሉ ደጅ ማስጠናት ለመድኩ። ያረፉት ማሳወቂያዎች አይጠፉም፤ ተሰልፈው ይቆዩና ቁልፉ እንደገና ሲነካ ይወጣሉ። ይህ ለጥቂት ሳምንታት ጥሩ ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን መብራት ጠፍቶ በባትሪ እየሠራሁ የአንዲት ተማሪን ባለ 70 ገጽ ጽሑፍ ሳስተካክል ላፕቶፑ ድርግም አለ። ባትሪው እያለቀ መሆኑን የሚናገረው ማሳወቂያ ከሌሎቹ ጋር ደጅ ቆሞ ነበር፤ ማሳረፊያው አስቸኳዩንና ተራውን አይለይም ነበርና። ሦስት ገጽ ያህል እንደገና ጻፍን። ልጅቱ «ወንድሜ፣ ኮምፒውተርህ ሲርበው አይናገርም እንዴ?» ስትለኝ፣ ሊናገር መጥቶ አፉን የያዝኩት እኔ መሆኔን ማስረዳት ከበደኝ።

በአዲሶቹ የደንስት እትሞች ላይ ማሳረፊያው ከ0 እስከ 100 ደረጃ ተሰጥቶታል፤ በደንብ ውስጥም አንድ ማሳወቂያ ይህን ያህል ደረጃ ማሳረፊያ ቢኖርም ጥሶ ይለፍ ማለት ይቻላል። እኔም ሁለተኛ ደንብ ጨመርኩ፤ ላኪው የኤክስኤፍሲኢ የኃይል ተቆጣጣሪ ከሆነና ደረጃው አስቸኳይ ከሆነ ማሳረፊያውን ጥሶ ይውጣ የሚል። ደረጃውን መጥቀስ ያስፈለገኝ ያው ተቆጣጣሪ ሌላም ተራ ወሬ ስለሚልክ ነው። በቅርጹ መስመር ላይም በፐርሰንትና በፊደል ፋንታ ቁርጥ ያለ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩበት፤ ደንስት ይህን ይፈቅዳል። አሁን ባትሪው ሲደክም በቀይ ሳጥን «ባትሪ ሊያልቅ ነው፤ ቻርጀሩን ሰካ» የሚል ይወጣል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ስጽፍም ከጎኔ የተቀመጠው ደንበኛ ቀድሞ አንብቦ ይነግረኛል።